ክትባቱ እስኪደርስ፦ ደሴና ኮምቦልቻ ወረርሽኝን በምን ይይዙታል?

ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. በጂንካ ከተማ የማርበርግ ቫይረስ በሽታ መታየቱ በይፋ ሲነገር፣ ከዜናው ሁሉ በሰው ጆሮ የቀረው «ፈቃድ ያገኘ ክትባትም መድኃኒትም የለውም» የሚለው ነበር። አባባሉ ልክ ነው። ከአባባሉ ተነሥቶ የሚደረስበት መደምደሚያ ግን ሁለት መልክ አለው፤ ሁለቱም ያሳስታሉ። አንደኛው «ክትባት ከሌለው ምን ይደረጋል፣ ፈጣሪን መለመን ነው እንጂ» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ «ኮሮናም ያን ያህል ተወርቶለት አልፏል» በሚል ነገሩን ያቀላል። ሁለቱም ወረርሽኝ የሚቆመው በክትባት ብቻ ነው፣ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ እጅ አጣጥፎ የሚጠበቅበት ነው ከሚል አንድ ግምት ይነሣሉ።

ጂንካ ከደሴ ሩቅ ናት፤ ጥያቄው ግን ሩቅ አይደለም። ደሴ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የተቀመጠች የንግድና የሕክምና መዳረሻ ናት። ከእርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የምትገኘው ኮምቦልቻ ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የደረቅ ወደብና የአውሮፕላን ማረፊያ ያላት ከመሆኗም በላይ፣ በባቲና በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። በሰው እንቅስቃሴ የሚኖሩ ከተሞች፣ ከሰው ጋር የሚጓዝ በሽታም ቀድሞ ይደርስባቸዋል። ስለዚህ ክትባት በሌለበት ወቅት በእነዚህ ከተሞች እጅ ምን እንዳለ ማወቅ የባለሙያ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ያለ ክትባት የቆሙ በሽታዎች

እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ በደቡብ ቻይና የጀመረው ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ 774ቱን ገደለ። በጁላይ 2003 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት የስርጭቱ ሰንሰለት መበጠሱን አስታወቀ። ያኔ ክትባት አልነበረም። በሽታውን ያቆመው የታመሙትን ፈጥኖ መለየት፣ ከእነርሱ ጋር ንክኪ የነበራቸውን ሰዎች አንድ በአንድ መከታተልና በሆስፒታሎች ውስጥ ጥንቃቄን ማጥበቅ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 እስከ 2016 ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ያመሰው ኢቦላም ከ28,600 በላይ ሰዎችን ይዞ ከ11,300 በላይ ሲገድል፣ ዛሬ የምናውቀው የኢቦላ ክትባት በጊኒ ተሞክሮ ተስፋ ሰጪ ውጤት ያሳየው በ2015 አጋማሽ፣ ወረርሽኙ ዋነኛውን ጉዳት አድርሶ ሲያበቃ ነው። የኢቦላን ጀርባ የሰበሩት ለይቶ ማከሚያዎች፣ የንክኪ ልየታና የቀብር ሥርዓት ለውጥ ነበሩ።

ለጂንካው በሽታ ይበልጥ የሚቀርበው የሩዋንዳ ምሳሌ ነው። መስከረም 17 ቀን 2017 ዓ.ም. ሩዋንዳ ማርበርግ መግባቱን አስታወቀች፤ ታኅሣሥ 11 ቀን ማብቃቱን አወጀች። 66 ሰዎች ተይዘው 15 ሞቱ። ማርበርግ በቀደሙት ወረርሽኞች ከያዛቸው ሰዎች እስከ 88 በመቶ የገደለበት ጊዜ መኖሩ ሲታሰብ፣ ሩብ ያልሞላው የሩዋንዳ የሞት መጠን ትልቅ ልዩነት ነው። በእርግጥ ሩዋንዳ በሙከራ ላይ ያሉ መድኃኒቶችንና ክትባትም ስለተጠቀመች የትኛው ምን ያህል እንደረዳ ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ሆኖም በሽተኛው ቶሎ መገኘቱ፣ የሰውነቱ ፈሳሽ መተካቱና ሲደክም አተነፋፈሱ በመሣሪያ መታገዙ ከበሽታው በሕይወት ለመውጣት ወሳኝ መሆኑን የሚክድ ባለሙያ የለም።

እኛም የራሳችን ትዝታ አለን። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታውና «የኅዳር በሽታ» የሚባለው ወረርሽኝ ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ነበር። ቫይረሱ ራሱ ከሰው ላይ ተለይቶ የታወቀው ከ15 ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1933 ነው። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የማቃጠሉ ልማድ ከዚያ ዘመን ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጭሱ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታን እንደማያቆም ዛሬ ግልጽ ነው። ግን አንድ ከተማ ወረርሽኝን በዓመት አንድ ቀን እንዲያስታውስ ያደረገ ሌላ ሥርዓት ስለሌለን፣ በልማዱ ላይ መሳቅ አይገባም።

ምልክቱ ቀድሞ ነው ወይስ መተላለፉ?

እነዚህ በሽታዎች ያለ ክትባት ሲገቱ ኮቪድ-19 ለምን አልተገታም? መልሱ በበሽታው ገዳይነት ላይ ሳይሆን በሰዓቱ ላይ ነው። ኢቦላና ማርበርግ የያዙት ሰው ምልክት ከማሳየቱ በፊት በአብዛኛው ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ምልክቱ የሚወጣው ከ2 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ በመሆኑ፣ ከታማሚው ጋር የተነካካ ሰው ለ21 ቀናት በየዕለቱ ትኩሳቱ ከተለካና ትኩሳት እንደታየበት ከተለየ፣ ሰንሰለቱ እዚያው ይበጠሳል። ሳርስም በብዛት ይተላለፍ የነበረው በሽተኛው አልጋ ከያዘ በኋላ ስለነበር በሽታውን ሆስፒታል ውስጥ መያዝ ተችሏል።

ኮቪድ-19 ግን ምልክት ከመታየቱ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት መተላለፍ ይጀምራል፤ ጭራሽ ምልክት የማያሳዩ ሰዎችም ያስተላልፉታል። በዚህ ዓይነቱ በሽታ ጊዜ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ትኩሳት መለካት ከሚይዘው የሚያሳልፈው ይበዛል። በ2012 ዓ.ም. በየመሥሪያ ቤቱና በየሆቴሉ በር በግንባራችን ላይ ይደገን የነበረው የትኩሳት መለኪያ ብዙ ሰው ያረጋጋ እንደነበር እርግጥ ነው፤ ከማረጋጋት ያለፈ ጥቅሙ ግን አነስተኛ ነበር። ያው መሣሪያ በማርበርግ ጊዜ ዋጋው ሌላ ነው። አዲስ በሽታ በተሰማ ቁጥር መቅደም ያለበት ጥያቄ «ስንት ሰው ገደለ?» የሚለው ሳይሆን «ሰው መታመሙን ሳያውቅ ያስተላልፋል ወይ?» የሚለው ነው።

ሁለተኛው ነገር ባለሙያዎች የመተላለፍ ቁጥር የሚሉት ነው። አንድ በሽተኛ በአማካይ ስንት ሰው ላይ እንደሚያጋባ የሚያሳይ መለኪያ ሲሆን፣ ለመጀመሪያው የኮቪድ-19 ዝርያ ከ2 እስከ 3 እንደሚደርስ ይገመት ነበር፤ ለኩፍኝ ከ12 እስከ 18 ይባላል። ቁጥሩ የቫይረሱ ብቻ አይደለም፤ የአኗኗራችንም ነው። 2.5 ብለን ብንወስድና ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ለመሻገር በአማካይ 5 ቀን ይፈጃል ብንል፣ ከ50 ቀን ወይም ከአሥር ዙር በኋላ አንዱ በሽተኛ በአሥረኛው ዙር ብቻ ወደ 9,500 አዲስ በሽተኞች ይደርሳል። ሰዎች ንክኪያቸውን በግማሽ ቀንሰው ቁጥሩ ወደ 1.25 ቢወርድ ግን በዚያው አሥረኛ ዙር የሚያዙት 9 ሰዎች ገደማ ናቸው። ግማሽ ጥንቃቄ ግማሽ ውጤት ብቻ የሚያመጣ ይመስለናል፤ ሒሳቡ ግን እንዲያ አይሠራም። ቁጥሩ ከአንድ በታች ሲወርድ ደግሞ በሽታው በራሱ ጊዜ እየከሰመ ይሄዳል። ክትባት የሚሠራውም ይህንኑ ቁጥር በማውረድ ነው፤ ያለ ክትባትም በሌላ መንገድ ይወርዳል።

የሐረጎ መንገድ

ከኮምቦልቻ ተነሥቶ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ከ600 ሜትር በላይ ከፍታ ይጨምራል። ኮምቦልቻ ላይ ሙቀቱን ለማስታገስ ተከፍቶ የነበረው መስኮት ሐረጎ ላይ ብርዱ ሲጀምር ይዘጋል። አንዱ ሊከፍት ቢሞክር «ብርድ ይመታናል» የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል፤ መስኮቱም ይመለሳል። ወንበሮቹ ሞልተው፣ መሐል ላይም ሰው ተደርቦ፣ ተሳፋሪው ሁሉ የአንዱን ትንፋሽ ሌላው እየሳበ ደሴ ይገባል። በታማሚ የሰውነት ፈሳሽ ለሚተላለፍ በሽታ ይህ ጉዞ ብዙም አያሰጋም፤ በአየር ለሚተላለፍ በሽታ ግን ከዚህ የሚመቸው ቦታ አይገኝም።

በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ የሕዝብ ማመላለሻዎች በግማሽ ወንበር እንዲጭኑ ሲያዝ፣ በብዙ መስመሮች ታሪፉ እጥፍ ሆነ። እርምጃው ትክክለኛውን ቦታ ያነጣጠረ ነበር፤ ወጪውን የተሸከመው ግን ተሳፋሪው ነው። ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየሠራ ደሴ የሚያድር ሰው፣ ወይም ከደሴ ኮምቦልቻ በየቀኑ የሚመላለስ ደላላና ነጋዴ፣ የትራንስፖርት ወጪው በአንድ ሳምንት እጥፍ ሲሆንበት ወይ ሥራውን ያቆማል፣ ወይ ከቁጥጥር ነጥቡ በፊትና በኋላ ትርፍ የሚጭን መኪና ይፈልጋል። የኋለኛው ሲበዛ ደንቡ በወረቀት ላይ ይቀራል። በእኔ ግምት ለእንዲህ ዓይነቱ መስመር ከግማሽ ወንበር ይልቅ ሦስት ርካሽ ነገሮች አዋጪ ነበሩ፦ መስኮት ከፍቶ መጓዝ፣ አፍና አፍንጫን በወጉ መሸፈን፣ ፋብሪካዎችም የፈረቃ ሰዓታቸውን አራርቀው ሠራተኛው በአንድ ሰዓት መናኸሪያ ላይ እንዳይከማች ማድረግ። መስኮቱን ማስከፈት ግን ከአዋጅ የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል፤ ብርድን የበሽታ ሁሉ ምንጭ አድርጎ የሚያይ እምነት ሥር የሰደደ ነውና። ስለ መስኮቱ የሚናገር የጤና ባለሙያ «ብርድ አይመታም» ብሎ ከሚከራከር «ጋቢህን ደርበህ መስኮቱን ክፈት» ቢል ሰሚ ያገኛል።

የጅቡቲው መስመር የራሱ ጣጣ ነበረው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ሥራ ቢቆም ነዳጅም እህልም መድኃኒትም አይገባም፤ ስለዚህ ድንበር ሲዘጋ ለእነርሱ ክፍት መሆን ነበረበት። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. ሾፌሮች እንደ በሽታ ተሸካሚ እየተቆጠሩ በየመንገዱ ፊት ሲነሱ፣ ከዐረብ ሀገር ተመላሾችም ተመሳሳይ መገለል ደርሶባቸዋል። መገለል ግፍ ከመሆኑ በላይ ለወረርሽኝ ቁጥጥር ቀጥተኛ ጉዳት አለው፤ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል፣ ሰው የሚደብቀው ግን መናገሩ ሲያስቀጣው ነው። የንክኪ ልየታ የሚሠራው ታማሚው «ከማን ጋር ምሳ በላህ፣ የት አደርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ እውነቱን ሲመልስ ብቻ ነው። ሾፌሩ ስሙን በጠራው ሰው ላይ ችግር እንደማያመጣ ካላመነ ባቲ ላይ ማደሩን እንኳ አይናገርም።

ቅሬ

በወሎ አዲስ አበባ ዕድር የሚለው ተቋም ቅሬ ይባላል። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ቅሬ ተደራጅተው አብረው የሚቀብሩበት፣ አብረው የሚያስተዛዝኑበት ሰፈር ብዙ ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ቅሬ ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ሰው በብዛት የሚሰበሰብበት፣ ተቃቅፎ የሚያለቅስበት፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ተጠጋግቶ የሚያመሽበት ቦታ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ በየሰፈሩ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን ከሩቅ አገር እንደመጣ ከማንኛውም ቢሮ ቀድሞ የሚያውቅ፣ የአባላት መዝገብና ገንዘብ ያለው፣ ቃሉም የሚሰማ ተቋም ነው። የጤና ቅኝት ማለት፣ ማለትም ያልተለመደ ሕመምና ሞት ቶሎ ማወቅና ማሳወቅ፣ ቅሬ በየቀኑ ከሚሠራው ሥራ ብዙም አይርቅም። በከተማ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ቤት ለቤት ዞረው የሚያገኙትን መረጃ የቅሬ ዳኛ በአንድ ስልክ ሊነግራቸው ይችላል።

እዚህም ላይ የበሽታው ጠባይ ይወስናል። በኢቦላና በማርበርግ ጊዜ አስከሬን ራሱ እጅግ ተላላፊ ነው። ጀናዛ ማጠብም ሆነ መገነዝ ያለ መከላከያ ልብስ አደገኛ ስለሚሆን፣ በምዕራብ አፍሪካ ከተያዙት ሰዎች ከፍተኛ ድርሻ ያላቸው በቀብር ላይ የተነካኩ ነበሩ። በዚያ የተገኘው ትምህርት ቀብርን መከልከል አልነበረም። ቤተሰቡ ከሩቅ እያየ፣ የሃይማኖት አባት ጸሎቱን እያደረሰ፣ የሠለጠኑ ሰዎች በክብር የሚቀብሩበት ሥርዓት ሲመጣ ሰው ሟቹን በሌሊት በድብቅ መቅበር አቆመ። በኮቪድ-19 ግን ከአስከሬኑ ይልቅ የሚያሰጋው ለቅሶ የደረሰው ሕያው ሰው ነው። ስለዚህ ትጥበቱን በጥንቃቄ ፈቅዶ ድንኳኑን ማሳጠር፣ ጎኖቹን መክፈትና ሀዘንተኛን በየተራ ማስገባት ይበቃ ነበር። የሁለቱን በሽታዎች ደንብ አንድ አድርጎ የሚያወጣ አካል በአንዱ ሰው ያስፈጃል፣ በሌላው ደግሞ ያለ ምክንያት ሰውን ያስቀይማል።

ስለ ወዳጃም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። ጫቱ ቀርቦ፣ ቡናው ተፈልቶ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ዱዓውና እንጉርጉሮው እስከ ሌሊት በሚዘልቅበት ሥነ ሥርዓት ላይ፣ ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ከአፍ የሚወጣው ጠብታም ይበዛል። ወዳጃውን ወደ ግቢ ማውጣት ከማስቀረት ይቀላል። የሃይማኖት ትምህርቱም ለዚህ ባዕድ አይደለም፤ ወረርሽኝ ወዳለበት ምድር አትግቡ፣ ባላችሁበት ከተነሣም ሸሽታችሁ አትውጡ የሚለው የነቢዩ ሐዲስ በወሎ ያልሰማ የለም። ለይቶ ማቆያ ማለት በቁሙ ይህ ነው። ነገሩን ከኢማሙና ከቄሱ አፍ የሰማ ሰው፣ በአዋጅ ከሰማው ሰው ይልቅ ይታዘዛል።

መዝጋት ወይስ አለመዝጋት?

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. መጨረሻ የአማራ ክልል ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ጥሊሊንና አዲስ ቅዳምን ለ14 ቀናት እንቅስቃሴ እንዲገቱ አድርጓል። በፌዴራል ደረጃ ግን ሙሉ በሙሉ የመዝጋት እርምጃ አልተወሰደም። መጋቢት 30 ቀን የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ስብሰባን፣ መጨባበጥ ሳይቀር፣ ገደበ፣ ሥራን ግን አላቆመም። ስለዚህ ውሳኔ ዛሬም ሁለት ሐሳብ አለ።

መዝጋትን የሚደግፉት ጥናትን እንጂ ስሜትን አያነሡም። እ.ኤ.አ. በ1918 የአሜሪካዋ ፊላደልፊያ በሽታው ከገባ በኋላ ሴፕቴምበር 28 ቀን ሰልፍ አካሄደች፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት አስከሬን የሚቀመጥበት ቦታ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ሞተባት። ሴንት ሉዊስ በአንጻሩ ትምህርት ቤቶችን፣ ቲያትር ቤቶችንና ቤተ ክርስቲያናትን ቀድማ ዘግታ ከዚያ እጅግ ባነሰ ሞት ወጣች። እንግዲህ ቁም ነገሩ የእርምጃው ጥብቀት ብቻ አይደለም፣ ቀድሞ መወሰዱ ነው፤ በሽታው ከተስፋፋ በኋላ የሚደረግ መዝጋት ወጪው ያው ሆኖ ጥቅሙ ይቀንሳል።

የሚቃወሙት ደግሞ የቀን ሥራ ያለው ሰው ለ14 ቀን ቤት ዋል ሲባል ምን ይበላል ይላሉ። በደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ተሸክሞ፣ ወይም ቧንቧ ውሃ አካባቢ ጉልት ቸርችሮ የሚያድር ቤተሰብ የሁለት ቀን ስንቅ የለውም። አንድ ክፍል ውስጥ አምስትና ስድስት ሆኖ የሚኖር የፋብሪካ ሠራተኛ ቤት መዋሉ ከባልደረቦቹ ቢያርቀውም ከክፍል ጓደኞቹ አያርቀውም። ከዚህም በላይ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ ጤና ጣቢያዎች ለአንድ በሽታ ብቻ ሲዋቀሩ የሕፃናት ክትባት፣ የወሊድ አገልግሎት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤች አይ ቪ ክትትል ይጓደላል፤ ኮምቦልቻን በመሰለ ወባ በሚታወቅበት ከተማ ደግሞ ትኩሳት ያለበት ሁሉ «ይለዩኛል» ብሎ ሐኪም ሲሸሽ ወባው ይገድለዋል።

ሁለቱም ወገኖች የሚያነሡት እውነት ነው፤ የሚለያዩት ስለ የትኛው በሽታና ስለ የትኛው ሳምንት እንደሚናገሩ ሳይስማሙ ስለሚከራከሩ ይመስለኛል። ስለበሽታው ገና ምንም በማይታወቅባቸው የመጀመሪያ ሳምንታት አጭር፣ መጨረሻው የተቆረጠ፣ የእህል ድጋፍ ያለው መዝጋት ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱም በእነዚያ ቀናት ለይቶ ማቆያው ይዘጋጃል፣ ምርመራው ይጀመራል፣ ሐኪሙ ይሠለጥናል። እነዚህ ሥራዎች ካልተሠሩ ግን የተዘጋው ጊዜ የትም ሳይደርስ አለቀ ማለት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት የተዘጉት ትምህርት ቤቶች ከግማሽ ዓመት በላይ ተዘግተው ሲቆዩ ከሁሉ የበለጠ ዋጋ የከፈሉት፣ በሽታው ከሁሉ ያነሰ የሚጎዳቸው ልጆች ነበሩ። ያን ውሳኔ በጊዜው በነበረው ዕውቀት መረዳት ይቻላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ ሳይመዘን መድገም ግን አይቻልም።

ሲሊንደሩ

መድኃኒት የለም ማለት ሕክምና የለም ማለት አይደለም። ኮቪድ-19 በገባ በሦስተኛው ወር፣ በሰኔ 2012 ዓ.ም.፣ ዴክሳሜታዞን የተባለ ርካሽና አሮጌ መድኃኒት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ በሽተኞች የሞትን ቁጥር በሲሶ፣ ኦክስጂን ከሚወስዱት ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደሚቀንስ ተረጋገጠ። በዚያው ሰሞን ሃይድሮክሲክሎሮኩዊን፣ ብዙ ተወርቶለት የነበረው፣ ጥቅም እንደሌለው ታወቀ። በመጋቢት ታምሞ ሆስፒታል ከገባ ሰው በሐምሌ ታምሞ የገባው የተሻለ ዕድል ነበረው፤ ቫይረሱ ግን ያው ነው። ስርጭትን ማዘግየት ጥቅሙ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል፦ ዘግይቶ የታመመ ሰው የተሻለ ሕክምና ያገኛል። ፌጦና ነጭ ሽንኩርት በየገበያው ዋጋቸው በተሰቀለባቸው ሳምንታት፣ ወደ ኦክስጂን ያተኮረ ዓይን ብዙ አልነበረም።

ኦክስጂንን በቁጥር እንየው። በደቂቃ 10 ሊትር የሚያስፈልገው በጠና የታመመ ሰው በቀን 14,400 ሊትር ይወስዳል። አንድ ትልቅ ሲሊንደር 7,000 ሊትር ያህል ይይዛል። አንድ በሽተኛ በቀን ሁለት ሲሊንደር፣ ሃያ በሽተኞች አርባ ሲሊንደር ማለት ነው፤ ያውም ሲሊንደሩ ባዶ ሆኖ ተመልሶ፣ ተሞልቶ፣ በመኪና እስኪመጣ ድረስ ሌላ አርባ በመጠባበቂያ ካለ። በኮቪድ-19 ጊዜ ለደሴና ለአካባቢዋ ታማሚዎች ማከሚያ ሆኖ ያገለገለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም ሆነ የደሴው ሪፈራል ሆስፒታል አቅም የሚለካው በአልጋ ብዛት ሳይሆን በዚህ ምልልስ ነው። ሕሙማኑ በሁለት ወር ተከፋፍለው ሲመጡ የሚበቃው ሲሊንደር፣ በሁለት ሳምንት ተደራርበው ሲመጡ ያልቃል።

የደሴ ከፍታ አንድ ነገር ይጨምራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። የልብስ መቆንጠጫ የሚመስለውና በጣት ጫፍ ላይ የሚሰካው የደም ኦክስጂን መለኪያ ኦክሲሜትር በባሕር ጠረፍ ላለ ጤነኛ ሰው 97 ወይም 98 በመቶ ሲያሳይ፣ ደሴ ላይ ለጤነኛው ሰው ጥቂት ነጥቦች ዝቅ ሊል ይችላል። ከውጭ የመጣ መመሪያን እንዳለ የወሰደ ጤነኛውን ያስተኛል፤ «እዚህማ ሁሌም ዝቅ ይላል» ብሎ የሚያልፍ ደግሞ የታመመውን ይመልሳል። ለደሴ የሚሆን መለኪያ፣ ከጤነኛ የከተማዋ ነዋሪዎች ተወስዶ፣ ወረርሽኝ ከመምጣቱ በፊት በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይገባዋል። ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ ነው።

«ተገኘ» እና «ደረሰ»

የኮሮና ቫይረስ የዘር ቅደም ተከተል በጥር 2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ይፋ ከሆነ በኋላ ሙሉ ሙከራ አልፎ ፈቃድ ያገኘው የመጀመሪያው ክትባት በእንግሊዝ መሰጠት የጀመረው ኅዳር 29 ቀን 2013 ዓ.ም. ነበር። በሰው ልጅ ታሪክ ከዚህ የፈጠነ አልታየም። ኢትዮጵያ 2.2 ሚሊዮን ያህል ክትባት በኮቫክስ፣ ማለትም ክትባትን ለሀገራት ለማካፈል በተቋቋመው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል የተቀበለችው በየካቲት መጨረሻ ሲሆን፣ መስጠት የጀመረችው መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው፤ የመጀመሪያው ታማሚ በሀገር ውስጥ ከተገኘበት መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ልክ ዓመቱን ጠብቆ። በዚያው ወር ዋነኛዋ አምራች ህንድ በራሷ በሽታ ተጨንቃ ወደ ውጭ መላክን ገታች፤ ቀጣዩ ጭነት ዘገየ። እ.ኤ.አ. 2021 ሲያልቅ በድሃ ሀገራት ቢያንስ አንድ ጊዜ የተከተበው ሰው ከ10 በመቶ በታች ነበር።

ለደሴ መዘግየቱ በዚህ አላበቃም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ሁለቱን ከተሞች ሲያዳርስ የጤና ተቋማት ተዘረፉ፣ ተጎዱ፤ ከተማዋም ከዚያ በፊት ከሰሜን በተፈናቀሉ ሰዎች ተሞልታ፣ ትምህርት ቤቶች መጠለያ ሆነው ነበር። በአንድ የመማሪያ ክፍል ውስጥ ብዙ ቤተሰብ ለሚያድርበት ሰው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ራቅ ማለት ትርጉም አልነበረውም። ክትባት በማቀዝቀዣ ሰንሰለት ይጓዛል፤ መብራት ሲጠፋ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ማቀዝቀዣ ሲዘረፍ ይበላሻል። አንዳንዱ የኮቪድ-19 ክትባት መጀመሪያ ላይ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ቅዝቃዜ ይፈልግ ነበር።

ዛሬ ሁለት ተስፋዎች ይነገራሉ። ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. የዓለም ጤና ጉባኤ ያጸደቀው የወረርሽኝ ስምምነት፣ አምራቾች በወረርሽኝ ጊዜ ከሚያመርቱት ክትባትና መድኃኒት 20 በመቶ ያህሉ ለዓለም ጤና ድርጅት በቶሎ እንዲደርስ ያልማል፤ ዝርዝሩ ግን የቫይረስ ናሙና ለሚልኩ ሀገራት ምን ይመለሳል በሚለው ተጨማሪ ሰነድ ላይ ተንጠልጥሎ የጸደቀ ነው። ሁለተኛው «የመቶ ቀን ተልዕኮ» የሚባለው፣ አዲስ ቫይረስ ከታወቀ በ100 ቀን ውስጥ ክትባት ለማዘጋጀት የተያዘው ግብ ነው። ለኮቪድ-19 ይህ 326 ቀን ፈጅቷል።

ግቡ ተሳካ እንበል። አንድ ሰው ከሌላው ለመያዝ 5 ቀን በሚፈጅ በሽታ 100 ቀን ማለት ሃያ ዙር ነው። ከላይ በተጠቀሰው 2.5 ቁጥር፣ ማንም ምንም ካላደረገ፣ በሃያኛው ዙር ሒሳቡ 90 ሚሊዮን አዲስ በሽተኞች ይላል፤ ሰው ስለሚያልቅበት በእውነተኛው ዓለም እዚያ አይደርስም። ቁጥሩ በመስኮቱ፣ በድንኳኑና በጭምብሉ ወደ 1.1 ቢወርድ በዚያው ሃያኛ ዙር የሚታመሙት ሰባት ሰው አይሞሉም። በመቶኛው ቀን ፈቃድ ያገኘው ክትባትም ገና ቦሌ ማረፍ፣ ከዚያም በማቀዝቀዣ መኪና 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በደሴ የመድኃኒት አቅራቢ ቅርንጫፍ መጋዘን መውረድ ይቀረዋል።